መብራቱ ነው ወይስ ስኳሩ? ከድሬዳዋ ላብራቶሪ አንድ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ድሬዳዋ ውስጥ ለተበላሸ ነገር ሁሉ ዝግጁ ምክንያት አለን። መብራት ጠፍቶ ነው። ሥጋው ሸተተ፣ መብራት ጠፍቶ ነው። ስልኩ ዘጋ፣ መብራት ጠፍቶ ነው። ብዙ ጊዜ እውነትም ነው። ለዚህ ነው ማንም ሁለተኛ ጥያቄ የማይጠይቀው።

እኔ የምሠራው በከተማዋ ባለ አንድ የትምህርት ተቋም የባዮሎጂ ላብራቶሪ ውስጥ፣ በቴክኒሽያንነት ነው። ይህ ጉዳይ የደረሰው አንዲት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የመመረቂያ ሥራዋን ስትሠራ ነው። የማንንም ስም አልጠራም። ተማሪዋ ተመርቃለች። አማካሪዋም ይህን እንደምጽፍ ሲሰሙ ስቀው "የእኔንም ስህተት አትደብቀው" ብለውኛል።

ሥራው ምን ነበር

ጥያቄዋ ቀላል ነበር። ባክቴሪያ ሁለት ዓይነት ስኳር በአንድ ላይ ቢቀርብለት እንዴት ያድጋል? የመረጠችው ኢ. ኮላይ ነው፤ ኬ-12 የሚባለውን ዝርያ። ይህ ዝርያ በ1922 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ታካሚ ሰገራ የተገኘ ነው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላብራቶሪዎች ሲራባ ኖሯል። በሽታ አያመጣም።

ስኳሮቹ ግሉኮስና ላክቶስ ናቸው። ላክቶስ ማለት ወተት ውስጥ ያለው ስኳር ነው። አንድ ግሉኮስና አንድ ጋላክቶስ ተያይዘው የተሠራ ነው።

ግምቷን በማስታወሻ ደብተሯ ጽፋው ነበር። "ሁለት ምግብ ከአንድ ይሻላል፤ ስለዚህ ድብልቁ ከሁለቱም በፍጥነት ያድጋል።" እውነቱን ለመናገር እኔም ብጠየቅ ይህንኑ ነበር የምለው።

ሚዲያው፣ ማለትም ባክቴሪያው የሚያድግበት ፈሳሽ፣ ከስኳሩ ሌላ ጨው ብቻ ያለበት ውሃ ነው። ፎስፌት፣ አሞኒየም፣ ትንሽ ማግኒዥየም። የሥጋ መረቅ የለበትም፣ የእርሾ ጭማቂም የለበትም። ምክንያቱም መረቅ ውስጥ ያሉት አሚኖ አሲዶች ራሳቸው ምግብ ናቸው። ባክቴሪያው እነሱን እየበላ ይሁን ስኳሩን እየበላ መለየት አይቻልም።

እዚህ ጋ የመጀመሪያውን ትንሽ ኪሳራ አየን። ስኳሩን ከጨዎቹ ጋር ቀላቅላ አንድ ላይ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት የሚያመክን ማሽን) ውስጥ አስገባችው። ሲወጣ ሻይ መስሏል። ስኳርን ለብቻ አምክኖ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ መቀላቀል ነው ደንቡ። ያንን ደፍተን እንደገና ጀመርን።

በመጀመሪያው ቀን የታየው

ግንቦት ነበር። የድሬን ግንቦት ለሚያውቅ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ድብልቁ 0.05 በመቶ ግሉኮስና 0.15 በመቶ ላክቶስ ነበረው። ጠዋት 1:30 ላይ ባክቴሪያው ተጨመረ። ፍላስኩ በ37 ዲግሪ ሼከር ውስጥ፣ ማለትም እያሞቀ በሚያናውጥ ማሽን ውስጥ ገባ። በየግማሽ ሰዓቱ ትንሽ እየቀዳች ብዥታውን ትለካለች። ባክቴሪያ በበዛ ቁጥር ፈሳሹ ይደፈርሳል፤ ስፔክትሮፎቶሜትሩ በ600 ናኖሜትር ብርሃን ያንን ድፍርስነት ቁጥር ይሰጠዋል። እኛ "ኦዲ" እንለዋለን።

መለኪያው ሌላ ክፍል ነው ያለው፣ ወረፋም አለው። ስለዚህ ተማሪዋ አንድ ብልሃት ፈጥራ ነበር። የቀዳችውን በትንንሽ ቱቦ እያደረገች በረዶ ላይ ታስቀምጣለች። በረዶ እድገቱን ያቆመዋል። ወረፋ ሲደርሳት ሁሉንም በአንዴ ትለካለች። በረዶውን የምታመጣው ከአንድ ጭማቂ ቤት በፌስታል ነው። (የቀዘቀዘ ቱቦ ውጪው ላብ ያወጣል። ሳይጠረግ ከተለካ ቁጥሩ ይዋሻል። ይህን ያወቅነው ሦስት እብድ ቁጥሮች ካየን በኋላ ነው።)

እስከ 6 ሰዓት ሁሉም ደህና ነበር። በየሰዓቱ ገደማ እጥፍ ይሆናል። 5:50 ላይ መብራት ጠፋ። ልጅቷ ግን መቅዳቷን አላቆመችም። ለዚህ ነው ይህ ጉዳይ ጉዳይ ሊሆን የቻለው። መብራቱ 7:10 ላይ ተመለሰ።

ቁጥሮቹ እንዲህ ነበሩ። 6 ሰዓት ላይ 0.49፣ 6:30 ላይ 0.52፣ 7 ሰዓት ላይ 0.53፣ 7:30 ላይ 0.65። ከዚያ በኋላ እንደገና ወደ ላይ። ግራፉ ላይ ሲሳል ዳገት፣ ከዚያ ሜዳ፣ ከዚያ እንደገና ዳገት ነው።

አማካሪዋ ግራፉን አዩና ሰዓቱን ጠየቁ። ነገረቻቸው። "በቃ መብራቱ ነው። ሼከሩ ቆሟል፣ ኦክስጅን አጥሯል፣ ሙቀቱም ወርዷል። ይህን ጥይውና ድገሚው" አሏት። ፍርዳቸው ምክንያታዊ ነበር። ሜዳው የመጣው መብራት በሌለበት ሰዓት ነው፤ የጨረሰውም መብራቱ ሲመጣ አካባቢ ነው። ሌላ ማን ይከሰሳል?

ጥርጣሬው ከየት መጣ

ከቴርሞሜትሩ ነው የመጣው። እኔ መብራት ሲጠፋ የክፍሉንና የማሽኖቹን ሙቀት መጻፍ ልማዴ ነው፤ ፍሪጁ ያሳስበኛል። የዚያን ቀን የክፍሉ ሙቀት 34 ዲግሪ ነበር። የሼከሩ ሳጥን ክዳኑ ዝግ ስለሆነ ከአንድ ሰዓት በኋላም 36 ላይ ነው ያለው። ሐረር ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ላይ ናት፤ እኛ 1,200 ሜትር አካባቢ ነን። ለአንዴ የድሬ ሙቀት ምስክር ሆነልን። ባክቴሪያው አልበረደውም።

ኦክስጅን ማጠሩስ? እሱ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ኢ. ኮላይ ያለ ኦክስጅንም ያድጋል፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ እንዲህ ቀጥ አይልም።

ይህን ለተማሪዋ ስነግራት "ታዲያ ጋሼ፣ መብራቱን እኛው እናጥፋው" አለች። አጠፋነው። ግሉኮስ ብቻ ያለበት ፍላስክ አሳደግን፣ ኦዲው 0.3 ሲደርስ ሼከሩን ሶኬቱን ነቅለን ለአንድ ሰዓት ተውነው። እድገቱ ዘገየ። አልቆመም።

ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። መብራቱ ነፃ መሆኑን ይጠቁማል፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አይናገርም።

ከሰማንያ ዓመት በፊት የተሳለ ግራፍ

አማካሪዋ በቅንነት ተመልሰው መጽሐፍ ያገላበጡት በዚህ ጊዜ ነው። በማግስቱ ጠዋት መጥተው "የእኛን ግራፍ ሌላ ሰው ቀድሞ ስሎታል" አሉ።

ሰውየው ዣክ ሞኖ ነው፣ ፈረንሳዊ። ፓሪስ በናዚ ጀርመን በተያዘችበት ጊዜ ለዶክትሬቱ ባክቴሪያን በተለያዩ ስኳሮች ሲያሳድግ፣ በአንዳንድ ጥንዶች ላይ እድገቱ ሁለት ደረጃ ሆኖ አገኘው። ሁለት ዳገት፣ መሐሉ ሜዳ። ነገሩን "ዳያውክሲ" ብሎ ጠራው፤ ከግሪክኛ የመጣ ነው፣ ሁለት እድገት እንደ ማለት። ሥራውን በ1941 እ.ኤ.አ. አቀረበ። ምን ማለት እንደሆነ አልገባውም ነበር። ሌላውን ፈረንሳዊ የባክቴሪያ ተመራማሪ አንድሬ ልዎፍን ሲጠይቀው፣ ከኢንዛይም መላመድ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል አለው። ያችን ፍንጭ ይዞ ለሃያ ዓመት ያህል ሄደባት። በ1961 ከባልደረባው ከፍራንሷ ዣኮብ ጋር ሆኖ ጂኖች እንዴት እንደሚበሩና እንደሚጠፉ የሚያስረዳውን የኦፐሮን ሐሳብ አሳተሙ። በ1965 ሦስቱም የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

እኛ ደግሞ ያችኑ ሜዳ "መብራቱ ነው" ብለን ልንጥላት ነበር።

ባክቴሪያው ምን እያደረገ ነው

ለተማሪዋ ያስረዳኋት በወፍጮ ቤት ነው። ቤት ውስጥ የተፈጨ ዱቄት እያለ ማንም እህል ተሸክሞ ወፍጮ ቤት አይሄድም። ግሉኮስ ዱቄቱ ነው፤ በቀጥታ ይጋገራል። ላክቶስ እህሉ ነው። መጀመሪያ በር ተከፍቶለት ወደ ውስጥ መግባት አለበት፣ ከዚያ ቤታ-ጋላክቶሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ለሁለት ይከፍለዋል። ኢንዛይሙ ወፍጮው ነው።

ባክቴሪያው ወፍጮውን ያለ ሥራ አያቆመውም። ፕሮቲን መሥራት ጉልበት ይበላል። ላክቶስ በሌለበት አንድ ተቆጣጣሪ ፕሮቲን የወፍጮውን ጂን ዘግቶት ይቀመጣል። ላክቶስ ሲኖር ያ መዝጊያ ይነሳል። ግን ይህ ብቻ አይበቃም። ግሉኮስ እየገባ ሳለ የላክቶሱ በር ራሱ ይታፈናል፤ ስለዚህ ላክቶስ ደጅ ቆሞ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ አያውቀውም። በዚያ ላይ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባለው የረሃብ ምልክት ግሉኮስ ሞልቶ ሳለ ዝቅተኛ ነው፤ ያለ እሱ ደግሞ ጂኑ በደንብ አይበራም።

እንግዲህ ዱቄቱ አለቀ። አሁን ወፍጮው መተከል አለበት። ሜዳዋ ማለት የተከላው ጊዜ ናት።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ምሳሌዬ ያታልላል። በሜዳዋ ጊዜ ሁሉም ባክቴሪያ እኩል ቆሞ አይጠብቅም። በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ ሲታዩ ቀድመው የሚነሱ አሉ፣ ዘግይተው የሚነሱም አሉ። እኛ ፍላስክ ስንለካ የምናየው የብዙ ሚሊዮኖችን አማካይ ነው።

ወሳኙ ሙከራ፣ ከነእንቅፋቱ

መብራቱን ከስኳሩ ለመለየት አንድ ጥያቄ በቂ ነበር። ሜዳዋ የምትከተለው ሰዓቱን ነው ወይስ ግሉኮሱን? መብራቱ ከሆነ ሁሉም ፍላስክ በአንድ ሰዓት ይቆማል። ስኳሩ ከሆነ እያንዳንዱ የራሱ ግሉኮስ ሲያልቅ ይቆማል።

እቅዱ ሦስት ፍላስክ ነው። ላክቶሱ በሁሉም እኩል። ግሉኮሱ 0.025፣ 0.05 እና 0.1 በመቶ።

በዚህ መሐል የላብራቶሪው ግሉኮስ አለቀ። የግዢ ጥያቄ ብናስገባ ልጅቷ ተመርቃ፣ ተድራ፣ ልጅ ትወልዳለች። "ስኳር ስኳር አይደል?" ብላ ከሱቅ ስኳር ገዝታ መጣች። እኔም ዝም አልኩ፤ ማወቅ ነበረብኝ። ለሙከራ የሱቁን ስኳር ብቻ ጨምረን አሳደርነው። ጠዋት ፍላስኩ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቷል። አንድም አላደገም። የሻይ ስኳር ሱክሮስ ነው፤ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ተያይዘው። ኬ-12 ደግሞ ሱክሮስን ማስገቢያም መሰንጠቂያም የለውም። በስኳር ባሕር መሐል በረሃብ አደረ።

መፍትሔው ፋርማሲ ተገኘ። 40 በመቶ ግሉኮስ መርፌ። ንፁህ ነው፣ የመከነ ነው፣ መጠኑ ላዩ ላይ ተጽፏል። ለ100 ሚሊ ሊትር ሚዲያ 125 ማይክሮ ሊትር ሲጨመር 0.05 በመቶ ይሆናል። አውቶክሌቩንም ገላገለን።

ሁለተኛው ብልሃት የተማሪዋ ነው። አባቷ የስኳር ሕመም ስላለባቸው ቤት ውስጥ የደም ስኳር መለኪያ አለ። ግሉኮሱ ማለቁን በቀጥታ ለምን አናይም አለች። መሣሪያው የተስተካከለው ለደም ነው፤ በሚዲያ ላይ የሚሰጠው ቁጥር ትክክል አይሆንም። ስለዚህ መጠናቸውን የምናውቃቸው የግሉኮስ ብጥብጦች አዘጋጅተን አስቀድመን አነጻጸርን። ቁጥሩን ሳይሆን አወራረዱን ብቻ ለመጠቀም ተስማማን። ስትሪፑ፣ መለኪያው ላይ የሚሰካው ወረቀት፣ ውድ ነው። አባቷ ስድስት ብቻ ፈቀዱላት።

በሙከራው ቀን ጠዋት 1:30 ጀመርን። በየሃያ ደቂቃው ተቀዳ። የመጀመሪያው ፍላስክ ወደ 5:10 ገደማ 0.27 ላይ ቆመ። ሁለተኛው ወደ 6:05 ገደማ 0.52 ላይ። ሦስተኛው ከ7 ሰዓት በኋላ 1.0 አካባቢ። ግሉኮሱ እጥፍ ሲሆን የሜዳዋ ከፍታ እጥፍ ሆነ፤ ሰዓቷ ግን የዘገየችው በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፣ ባክቴሪያው አንዴ እጥፍ ለመሆን የሚፈጅበትን ያህል። ይህን ሳይ ደስ ብሎኝ ጮህኩ፤ በር ላይ የነበረው ጥበቃ ገብቶ "ምን ሆናችሁ አቦ?" አለ።

የደም ስኳር መለኪያው በሁለተኛው ፍላስክ ላይ ሜዳዋ እንደጀመረች "ዝቅተኛ" የሚለውን ምልክት አሳየ። መለኪያው ከ20 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ቁጥር አይሰጥም።

መብራቱስ? የዚያን ቀንም ጠፋ፣ አያሳፍረንም። ከ8:40 እስከ 9:15። ሦስቱም ፍላስኮች በዚያ ሰዓት እኩል ዘገዩ፤ አንዱም አልቆመም። ሁለቱ ክስተቶች በአንድ ግራፍ ላይ ለየብቻ ተቀመጡ። እንዲህ ያለ ዕድል በእቅድ አይገኝም።

ያልተጠበቀው

አማካሪዋ "ሌላ ሰው ይድገመው" አሉ። አንድ ሌላ ተማሪ በዚያው መመሪያ ደገመው። ሜዳዋ ከሃምሳ ደቂቃ ወደ ሩብ ሰዓት ገደማ አጠረችበት። ሁለት ቀን ስንጨቃጨቅ ቆየን። ሚዲያው አንድ ነው፣ ዝርያው አንድ ነው፣ ማሽኑ አንድ ነው።

ልዩነቱ ከማታው ነበር። የመጀመሪያዋ ተማሪ ባክቴሪያውን ያሳደረችው ግሉኮስ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የተረፈ የላክቶስ ሚዲያ አግኝቶ በዚያ ነው ያሳደረው። ወፍጮው ማታውኑ ተተክሏል። ግሉኮስ ውስጥ ሲገቡ አዲስ ወፍጮ መሥራት ያቆማሉ፤ የድሮው ግን አይፈርስም። በተከፋፈሉ ቁጥር ለልጆቹ እየተካፈለ ይሳሳል። ከአራት ክፍፍል በኋላ አንድ አሥራ ስድስተኛው ይቀራል፤ ያም ቢሆን ለመነሻ ይበቃል። መመሪያው ላይ "ሌሊቱን አሳድር" ብቻ ነበር የተጻፈው። በምን ውስጥ እንደሆነ ማንም አልጻፈም። መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ለሌላ ሥራ የሚተርፈው

በእኛ ላብራቶሪ ሦስት ነገር ተቀይሯል። መብራት የጠፋበትና የመጣበት ሰዓት ከክፍሉ ሙቀት ጋር በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይጻፋል፤ በቃል "ቀን ላይ ጠፍቶ ነበር" አይባልም። ድብልቅ የሚለካ ሰው ነጠላዎቹንም (ግሉኮስ ብቻና ላክቶስ ብቻ ያለባቸውን ፍላስኮች) በዚያው ቀን፣ በዚያው ሼከር ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የእኛ የመጀመሪያ ስህተት ይህ ነበር፤ ነጠላዎቹ በሌላ ቀን ነበር የተሠሩት። ጎን ለጎን ቢሆኑ ኖሮ የላክቶሱ ፍላስክ በመብራት መጥፋቱ ሰዓት እያደገ ስናየው ነገሩ በዚያው ቀን ያልቅ ነበር። የማሳደሪያው ሚዲያም ስሙ ይጻፋል።

ከዚህ ሁሉ ግን ለእኔ የሚበልጠው የመጠን ሙከራው ነው። ሁለት ተጠርጣሪ ሲኖር አንዱን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ነገር መቀየር። መብራት ኃይልን ማዘዝ አንችልም። ግሉኮሱን ግን እንችላለን። በእጃችን ያለውን ለወጥን፣ ሜዳዋም ተከተለችው።

ይህን ውጤት ግን ወደ ሁሉም ባክቴሪያ መውሰድ አይቻልም። ሱዶሞናስ የሚባሉት ግሉኮስ እያለ እንደ ሰክሲኔት ያሉ ኦርጋኒክ አሲዶችን ያስቀድማሉ፤ የእነሱ ዱቄት ሌላ ነው። ኢ. ኮላይ ራሱም ስኳሩ በጣም በጣም ጥቂት ሲሆን አያማርጥም፤ ሁለቱንም አብሮ ይለቅማል። ምርጫ የጥጋብ ነው።

ያልተሳካውና የቀረው

ኢንዛይሙን በቀጥታ አልለካንም። ኦኤንፒጂ የሚባል ነገር አለ፤ ኢንዛይሙ ሲሰነጥቀው ቢጫ ይሆናል። በመጋዘናችን የለም። ስለዚህ ተማሪዋ በጽሑፏ ላይ "ኢንዛይሙ በሜዳዋ ጊዜ ተሠራ" አላለችም። "ውጤቱ ከዚህ ማብራሪያ ጋር ይስማማል" አለች። ዲፌንስ ላይ፣ ሥራዋን በፈታኞች ፊት ስታቀርብ፣ ይህ ጥንቃቄዋ ነው የጠቀማት። አንዱ ፈታኝ መጀመሪያ የጠየቋት "መብራት ጠፍቶ ቢሆንስ?" ብለው ነው። ሦስቱን ኩርባዎች አሳየቻቸው።

የመጨረሻው ሙከራ አጓት ነበር። ከአይብ የሚተርፈው ውሃ ላክቶስ ሞልቶታል፤ እንደ ርካሽ ሚዲያ ብንጠቀምበትስ ብለን። ጥቂት ግሉኮስ ጨምረን አሳደግንበት። ባክቴሪያው በደስታ አደገ። ግራፉ ግን ሁለት ዳገት አይደለም፣ አንድም አይደለም። አንዴ ይጎብጣል፣ እንደገና ይቃናል፣ ከዚያ ሌላ ቦታ ይጎብጣል። አጓት ውስጥ ፕሮቲን አለ፣ አሚኖ አሲድ አለ፣ አይቡን ያረጋው ባክቴሪያ የተወው አሲድ አለ። የትኛው ጉብጠት የየትኛው ምግብ ማለቅ እንደሆነ ልንለይ አልቻልንም። የአጓቱ ግራፍ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ተለጥፎ አለ፤ ከጎኑ መብራት የጠፋበት ሰዓት ተጽፏል።